በኮምፔንሳቶ ንጣፎች መካከል ስላለው ማጣበቂያ

ይድረስ፦ የኩሽና ካቢኔና ቁም ሣጥን ለሚሠሩ የእንጨት ሥራ ባለሙያዎችና ጣውላ ለሚያስመጡ ነጋዴዎች

ኮምፔንሳቶ በስሱ የተላጡ የእንጨት ንጣፎች ጭረታቸው እየተሻገረ በማጣበቂያ ተደራርበው፣ በሙቀትና በግፊት ተጨምቀው የሚሠራ ጣውላ ሲሆን፣ ጥንካሬውን የሚያገኘው ገዢው ከማያየው ማጣበቂያ ጭምር ነው። ርካሽና ቶሎ የሚደርቅ በመሆኑ በብዛት የሚመረጠው ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ የተባለው ማጣበቂያ ግን ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ቀስ በቀስ እየፈረሰ፣ ፎርማልዴሃይድ የተሰኘውን ጋዝ ለወራት አንዳንዴም ለዓመታት ይለቃል፤ ካቢኔ የሚሰቀለው ደግሞ እንፋሎትና ሙቀት በማይለየው ኩሽና ነው። በውኃ ሲሟሟ ፎርማሊን የሚባለውና አስከሬን እንዳይበሰብስ የሚያገለግለው ይኸው ንጥረ ነገር ዓይንና ጉሮሮን ያቃጥላል፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ2004 በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ ከሚባሉት መድቦታል።

የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. በ2007 ባጸደቀችው፣ በኋላም የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በሕግ በተከተለው ደንብ መሠረት፣ ኮምፔንሳቶ በሙከራ ክፍል ሲለካ የሚለቀው ጋዝ ከሚሊዮን የአየር እጅ ከ0.05 እጅ መብለጥ የለበትም። ይህን ደንብ ለማሟላት ብዙ ፋብሪካዎች ማጣበቂያቸውን ስለ ለወጡ፣ ዝቅተኛ ልቀት ያለው ጣውላ ዛሬ በገበያ የሚገኝ ዕቃ ነው፤ የጎደለው የሚያዝዘው ሰው ጥያቄ ነው። ስለዚህ አስመጪው ዋጋ ሲደራደር በካሊፎርኒያው ደንብ «ካርብ ፌዝ 2» ወይም በአውሮፓ መለኪያ «ኢ 1» የሚል የልቀት ደረጃ ያለውን ጣውላ፣ ከምርመራ ማስረጃው ጋር፣ እንዲጠይቅ ሕሊናው ሊያስገድደው ይገባል።

የባለሙያው ድርሻ ከዚህ አያንስም፤ እንዲያውም ጣውላው በተሰነጠቀ ቁጥር አዲስ ገጽ ስለሚከፈት ጋዙንም ብናኙንም ቀድሞ የሚተነፍሰው እርሱና አጠገቡ ያለው ለማጅ ነው፤ መስኮት የተዘጋበት ወርክሾፕ ለእነርሱ ደግ አይደለም። ከፊት ለፊት በላሚኔት ያማረ ካቢኔ ከግድግዳው ጋር የሚገጥመው ጀርባው፣ ጠርዞቹና የማጠፊያ ቀዳዳዎቹ ብዙ ጊዜ ራቁታቸውን ይቀራሉ፤ ጋዙ የሚወጣውም በአብዛኛው ካልተሸፈነ ገጽ በመሆኑ፣ እነዚህን በቫርኒሽ ወይም በጠርዝ ማልበሻ መድፈን ልቀቱን ይቀንሳል እንጂ መጥፎውን ጣውላ ደኅና አያደርገውም። ለሕፃናት መኝታ ቤት የሚሠራ ቁም ሣጥን ሲሆን ጥንቃቄው እጥፍ ሊሆን ይገባል፤ ሕፃን ከአካሉ ክብደት አንጻር ከአዋቂ የበለጠ አየር ይተነፍሳልና።

ገዢው በዓይኑ ለይቶ ሊያውቀው በማይችለው ጉዳይ የሚተማመነው በባለሙያው ቃል ብቻ ነው፤ ስለሆነም የጣውላው የልቀት ደረጃ በፕሮፎርማው ላይ፣ ከውፍረቱና ከዋጋው ጎን፣ ከዛሬ ጀምሮ እንዲጻፍለት ይህ ደብዳቤ ይማጸናል።