ከአራት መቶ መልእክት አንድ ደብዳቤ

እስቲ የትምህርት ቤታችሁን የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱና ወደ ላይ ስክሮል አድርጉ። “እንደምን አደራችሁ” የሚል የአበባ ፎቶ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የሥራ ማስታወቂያ፣ ሃያ “አሜን”፣ የስቲከር መዓት። ከዚያ ሁሉ ሥር የምዝገባ ማብቂያ ቀን ተቀብሯል። ስንቶቻችሁ አይታችሁታል?

የአክስቴ ልጅ አላየውም። ከገጠር መጥቶ መካነ ሰላም ቤት ተከራይቶ ይማራል። በፈተና ምዝገባው ላይ የአባቱ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ ነበር። የማረሚያው ቀን በግሩፑ ተነግሯል፤ አልተደበቀም። እሱ ግን ስንቅ ሊያመጣ ወደ ቤተሰቦቹ ወርዶ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ኔትወርክ የለም። ሲመለስ አራት መቶ ያልተነበበ መልእክት ጠበቀው። ማን አራት መቶ ያነባል? አለፈው። ያቺን አንድ ፊደል ለማስተካከል በኋላ ስንት ቢሮ እንደተመላለሰ እኔ አውቃለሁ።

ጥፋተኛው ማን ነው? ትምህርት ቤቱ ተናግሯል፣ ልጁ ደግሞ አልሰነፈም። ችግሩ ግሩፕ የሚጠቅመው በሰዓቱ ለተገኘ ሰው መሆኑ ነው። የእኛ አገር ትምህርት ቤት ማኅበረሰብ ግን አብዛኛው በሰዓቱ አይገኝም። ወላጅ ቦረና፣ ወግዲ ወይም ከላላ ገጠር ውስጥ ነው። የቀድሞ ተማሪ አዲስ አበባ ወይም ዓረብ ሀገር ነው። ኔትወርኩም ቢሆን የሚታመን አይደለም፤ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ማን ይረሳል?

ስለዚህ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የኢሜይል ኒውስሌተር ይኑረው እላለሁ። በየሁለት ሳምንቱ የምትላክ አንዲት ደብዳቤ ማለቴ ነው። አንድ ወር ከኔትወርክ ርቆ የተመለሰ ሰው ሁለት ደብዳቤ ብቻ ያነባል፤ ምንም አላመለጠውም።

“ኢሜይል ማን ይከፍታል?” እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ብዙዎቻችን ኢሜይል ያለን ፕሌይ ስቶር ስለሚጠይቅ ብቻ ነው። አካውንቱን የከፈተልን የሞባይል ቤቱ ልጅ ነው፤ ፓስወርዱንም የሚያውቀው እሱ ነው! ግን ነገ ስኮላርሺፕ ስታመለክቱ፣ ሥራ ስትፈልጉ መልሱ የሚመጣው በዚያው በረሳችሁት ኢሜይል ነው። ያን ቀን ከመደናገጥ፣ አሁን በትምህርት ቤት ደብዳቤ መልመድ አይሻልም?

ሥራው ከባድ አይደለም። በእረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ዜና የሚያነቡት የሚኒ ሚዲያ ልጆች አሉ፤ እነሱ ይጻፉት፣ አንድ መምህር ይረመው። መጀመሪያ ቀኖቹ ይቅደሙ፦ ምዝገባ፣ ፈተና፣ የወላጅ ስብሰባ። ቀጥሎ ምን ይዞ መምጣት እንደሚያስፈልግ፣ በመጨረሻ አንድ ደስ የሚል ወሬ። ፎቶ አይብዛ፤ ዳታ በብር ነው የሚገዛው። ርዕሱም “ሰላም” ሳይሆን “የስም ማረሚያ እስከ አርብ” ይበል።

ተራ የጂሜይል አካውንት በቀን እስከ 500 ሰው ድረስ ይልካል፤ ለጅምር በቂ ነው። አድራሻዎቹ ግን በ“ቢሲሲ” ሳጥን ይግቡ፤ አለበለዚያ የሁሉም ኢሜይል ለሁሉም ይታያል። የተማሪ ውጤትና ስልክ ቁጥር በፍጹም አይጻፍ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ባይወጣ እንኳ የሰው ልጅ ገመና ነው። ፓስወርዱ ደግሞ በአንድ ተማሪ እጅ ብቻ ከሆነ ልጁ ሲመረቅ ደብዳቤውም አብሮ ይመረቃል። ትምህርት ቤቱ ይያዘው።

ስማርት ስልክ የሌለው ወላጅስ? ለእሱ ያችው ደብዳቤ በአንድ ገጽ ትታተም። አንዷ ሰሌዳ ላይ ትለጠፍ፣ ሌሎቹን ስንቅ ሊያመጡ የሚወርዱ ተማሪዎች ይዘው ይሂዱ። ማታ እሳት ዳር ልጅ ለአባቱ ያነብለታል። አባትም የልጁን ትምህርት ቤት ወሬ ከሌላ ሰው ሳይሆን ከራሱ ከልጁ አፍ ይሰማል።

ጥቂት ሰው ብቻ ቢመዘገብ አትፈሩ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን “አእምሮ” ጋዜጣ ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ 24 ቅጂ ብቻ ነበር የሚወጣው። ዛሬ የአማርኛ ጋዜጣ ታሪክ ሲነሳ ስሙ ሳይጠራ አይታለፍም።

ቴሌግራሙን ዝጉት አላልኩም። ቀልዱም ስቲከሩም እዚያው ይቀጥል። የሰው ዓመት የሚያበላሽ ቀን ግን ከስቲከር ጋር አይደባለቅ። እናንተም ዛሬ አንድ ነገር አድርጉ፦ የኢሜይላችሁን ፓስወርድ አስታውሱ። ከጠፋባችሁም የሞባይል ቤቱን ልጅ ሳትጠብቁ ራሳችሁ ቀይሩት።