የቦስተን የወል መስክና የጥላው ሕግ

በቦስተን ከተማ መካከል «ኮመን» የሚባለውን ሰፊ መስክ ያየ እንግዳ እንደማንኛውም የከተማ መናፈሻ አድርጎ ሊገምተው ይችላል። እኛም ቦታውን በጐበኘን ጊዜ መጀመሪያ የመሰለን ይኸው ነበር። ይሁን እንጂ መስኩ ሲመሠረት የተመደበው ለሽርሽር ሳይሆን ለከብት ግጦሽ ነው። የከተማው ሰዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1634 ዓ.ም. ገንዘብ አዋጥተው ዊልያም ብላክስተን ከተባለ ቄስ ገዙትና የወል አደረጉት፤ ላሞችም እስከ 1830 ድረስ ሲግጡበት ኖሩ። ስፋቱ 20 ሄክታር ያህል ነው፤ በአገራችን በጥንቱ አለካክ ግማሽ ጋሻ መሆኑ ነው።

ከመስኩ በስተሰሜን ቢከን ሂል የተባለው ጥንታዊ ሰፈር ተዳፋቱን ይዞ ይወጣል። ጉልላቱ በወርቅ የተለበጠው የማሳቹሴትስ ምክር ቤት፥ የቀይ ሸክላ ቤቶቹ፥ በጋዝ የሚበሩት የመንገድ ፋኖሶች ሁሉ ዓይን ይስባሉ። ጥቁሮች በ1806 ያሠሩት የጸሎት ቤትም ከዚሁ ሰፈር ይገኛል። ሰፈሩን የሚጠብቅ ሕግ የወጣው በ1955 ሲሆን፥ አንድ ባለቤት በመንገድ በኩል ያለውን በሩን ሌላ ቀለም ልቀባ ቢል እንኳ አስቀድሞ ኮሚሲዮኑን ማስፈቀድ አለበት። ይህን ስንሰማ ፈገግ ማለታችን አልቀረም።

ለበር ቀለም ይህን ያህል የተጨነቀ ከተማ ለመስኩስ ምን አደረገ? ከሥሩ ከ1961 ጀምሮ የመኪና ማቆሚያ አለ። ከላዩ ደግሞ ረጃጅም ሕንፃዎች ፀሐዩን እንዳይጋርዱበት በ1990 ሕግ ወጥቶለት ነበር። በ2017 ግን የከተማው አስተዳደር በዊንትሮፕ አደባባይ የነበረውን ያረጀ የመኪና ማቆሚያ ለአንድ ባለሕንፃ ሲሸጥ፥ የሚሠራው ፎቅ በማለዳ መስኩ ላይ ጥላ የሚጥል ሆኖ ተገኘ። የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ይህን አንድ ሕንፃ ከሕጉ ነፃ አደረገው፤ ከሽያጩም 28 ሚሊዮን ዶላር ለመስኩ ማደሻ ተመደበ። 210 ሜትር ያህል ቁመት ያለው ይህ ሕንፃ በ2023 ተጠናቋል።

ደጋፊዎቹ ጥላው የጥቂት ጊዜ ነው፥ ገንዘቡ ግን ሣሩንና ዛፉን ያድናል ይላሉ። አነጋገራቸው ከንቱ አይደለም፤ በሰው የሚረገጥ መስክ ያለ ወጪ አይለመልምም። ነገር ግን እኛን ያሳሰበን የጥላው ርዝመት ሳይሆን ጥላው ዋጋ የወጣለት መሆኑ ነው። የበሩን ቀለም ለመለወጥ የፈለገ ባለቤት ገንዘብ ከፍሎ ከሕጉ ነፃ ልሁን ቢል ማንም አይሰማውም፤ በወል መስኩ ላይ ግን ይኸው ተደርጓል። ነገ ሌላው ባለሕንፃ እጥፉን ይዞ ቢመጣ ምክር ቤቱ በምን ምክንያት ይመልሰዋል?