ስልካችን መቀነታችን ነው

ዕቃችን ይፈተሽ። ማዳበሪያው ይፈታ፣ ካርቶኑ ይከፈት፣ አይሱዙው እስከ ወለሉ ይራገፍ። የጉምሩክ ሥራ ነው፤ ለዚያ ትዕግሥቱን ድሮ ተምረናል። ከሐዋሳ እስከ ሞያሌ ስንት ቦታ ገመድ ተዘርግቶ እንደሚጠብቀን በዚህ መስመር ለምትነግዱት መንገር አያስፈልግም። አሁን የምንጽፈው ስለ ዕቃ አይደለም። "ማዘር፣ ስልክሽን ክፈቺ" ስለሚለው ቃል ነው።

ይህ ቃል ሥር የሰደደው በአስቸኳይ ጊዜ አዋጆቹ ዘመን ነው። በጥቅምት 2014 የታወጀውም ሆነ በሐምሌ 2015 የታወጀው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መፈተሽን ፈቅደው ነበር። የመጀመሪያው በየካቲት 2014 ተነሣ። ሁለተኛው አንድ ጊዜ ተራዝሞ በ2016 አበቃ። አዋጁ ሄደ፣ ጣቱ ግን ስልካችን ላይ ቀረ። ዛሬ በየትኛው ሕግ ነው ስትሉት የሚመልስ የለም፤ ቢበዛ "ታዘን ነው" ትባላላችሁ።

እስቲ ስልካችን ውስጥ ያለውን እንቁጠር። የዱቤ መዝገቡ እዚያ ነው፤ ያቤሎ ላይ ማን ስንት እንዳለበት፣ ዲላ ላይ ማን በስንት ቀን እንደሚከፍል። የዕቁቡ ስም ዝርዝር አለ። ከናይሮቢ ጅምላ ሻጭ ጋር ሌሊቱን የተከራከርንበት ዋጋ በዋትስአፕ አለ፣ የቴሌብርና የኤምፔሳ መልእክት አለ። ጅዳ ያለችው እኅት እያለቀሰች የላከችው ድምፅ አለ። የልጅ የሐኪም ውጤት አለ። ይህ ሁሉ ደግሞ የእኛ ብቻ አይደለም። ደንበኛው ችግሩን የነገረን እኛን አምኖ እንጂ ገመድ ያዡን አምኖ አይደለም።

የነጋዴ ቋንቋም ላላወቀው ያስፈራል። "መንገዱ ሰላም ነው?" ሳንል የምንውልበት ቀን የለም። "ሁለቱ አልፈዋል፣ አንዱ ሜጋ አድሯል" ማለት ሁለት መኪና አልፎ አንዱ ጎማ ፈንድቶበት ሜጋ ቀረ ማለት ነው። አንዲት ጓደኛችን ይህንን ስታስረዳ ከጠዋት እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ ቆማለች። የጫነችው ቲማቲም ነበር። ስልኩ ተመለሰላት፤ ቲማቲሙን የመለሰላት የለም።

ከዚያ ወዲህ ብዙዎቻችን ኬላ ሳንደርስ ስልክ ማጽዳት ለምደናል። አንዳንዶች ባለ ቁልፍ ስልክ ይዘው ይሄዳሉ፣ ትልቁን ቤት ትተው። ይህ በቁጥር የሚጻፍ ኪሳራ ነው። ደንበኛ "ዕቃው አልደረሰኝም" ሲል የምናሳየው ያንኑ የጠፋውን መልእክት ነበር። ኮሜርስ ስንማር ሰነድ የሌለው ሂሳብ ሂሳብ አይደለም ተብለናል፤ ግብር ሰብሳቢውም በየዓመቱ ይህንኑ ይደግምልናል። እንግዲህ አንዱ የመንግሥት እጅ ሰነድ ያዙ ይለናል፣ ሌላው እጅ ሰነዳችንን በገዛ ጣታችን ያስጠፋናል።

እናቶቻችን ገበያ የሚወጡት ብራቸውን በመቀነታቸው ቋጥረው ነበር። የሴት መቀነት የሚፈታ ወንድ ምን ይባል እንደነበር እናንተም ታውቃላችሁ። ሕጉም ይህን ያውቃል፤ በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ የተያዘ ሰው ሲፈተሽ ፈታሹ ከተፈታሹ ጋር ጾታው አንድ ይሁን ይላል። በብዙ ኬላ ይህ ይከበራል፤ ሰውነታችንን የምትዳስሰን ሴት ናት። ከዚያ ወጥተን ስልካችንን የሚቀበለን፣ ከወለድን በኋላ አልጋ ላይ የተነሣነውን ፎቶ የሚያገላብጠው ግን የልጃችን እኩያ የሆነ ጎረምሳ ነው። ሕጉ ሲጻፍ ስልክ ግድግዳ ላይ ነበር የሚሰቀለው፤ እሺ። ግን ያው ሕግ የብርበራ ትእዛዝ የሚፈለገውን ነገር ለይቶ ይጥቀስ ብሏል። ኬላ ላይ "ምን ፈልጋችሁ ነው?" ስንል መልሱ "እስቲ እንየው" ነው።

"ንጹሕ ከሆንሽ ምን ያስፈራሻል?" ይሉናል። በመቀነታችን ያለው ብርም ንጹሕ ነው፤ ግን መንገድ ዳር ዘርግታችሁ ቁጠሩት አንልም። ጸጥታው አስጊ መሆኑን የሚነግረንም አያስፈልግም። ሾፌር ሲታገት፣ መኪና ሲዘረፍ ቤቱ የሚፈርሰው የእኛ ነው። መሣሪያ ከጎማ ሥር ይደበቃል፣ ከበቆሎ ጆንያ ውስጥ ይደበቃል፤ እዚያ ይፈለግ። አንድን ሰው በተለይ የጠረጠሩት እንደሆነ ፍርድ ቤት አለ። ለነገሩ መንግሥት እኛን ሳያውቀን ቀርቶ አይደለም፤ ለፋይዳ አሥር ጣታችንን፣ የዓይናችንን ብሌንና ፊታችንን ሰጥተናል፣ የባንክ ሂሳባችንም ከዚያ ጋር ታስሯል። ይህን ሁሉ ይዞ ከሚያለቅሱ እኅቶቻችን ድምፅ የሚያገኘው ምንድን ነው?

ማዶም ገነት አይደለም፤ ኬንያ ውስጥ "ኪቱ ኪዶጎ" ያልተጠየቀ ነጋዴ ካለ ይንገረን። ግን እዚያ አንድ ነገር አይተናል። መንግሥታቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ሁዱማ ናምባ ብሎ ሕዝቡን ሲመዘግብ፣ ሕጉ ዲኤንኤና የሰውን መኖሪያ በጂፒኤስ እስከ መሰብሰብ ይፈቅድ ነበር። ለመታወቂያ ሲጉላሉ የኖሩት የኑቢያኖች የመብት ማኅበርና ሌሎች ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዲኤንኤውንና ጂፒኤሱን ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ ብሎ ሻራቸው፣ ምዝገባውም በቂ የሕግ ማዕቀፍ ሳይኖረው አይቀጥልም አለ። የከሰሱት ትልልቅ ሰዎች አልነበሩም።

እኛም ሕግ አልጎደለንም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ሰውነታችንንና ንብረታችንን ብቻ ሳይሆን በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የምንለዋወጠውንም አይደፈርም ይላል፤ ገደብ የሚኖረው በአስገዳጅ ሁኔታና በዝርዝር ሕግ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። የጎደለው ገመዱ ጋ ቆሞ ስሙን የሚሰጥ ሰው ነው።

ጉምሩክ አንድ ካርቶን ሳሙና ሲይዝብን ቁጥር ያለው ወረቀት ይሰጠናል፤ በዚያ ወረቀት አቤት እንላለን፣ አንዳንዴም ዕቃው ይመለሳል። ስልክ ሲወሰድ ግን አንድ ቁራጭ ወረቀት የለም። ቢያንስ ይህ ይኑር፦ ማን ወሰደው፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ትእዛዝ፣ ምን ተፈልጎ። ወረቀት መጻፍ የሚያስቸግረው ፈታሽ ስልክ መክፈቱንም ይተወው።

በየወሩ የምንገናኝ ሴቶች ደብተር ከፍተናል። ስልካችሁ የተከፈተባችሁን ቀን፣ ቦታውን፣ የተባላችሁትንና በምን ያህል ጊዜ እንደተለቀቃችሁ እየመዘገብን ነው፤ ሲሞላ ወደ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና ወደ እንባ ጠባቂ እንወስደዋለን። ቀኑን እንዳትዘነጉ። ስማችሁን ግን አንጽፍም፤ ደብተሩም በዚያው ኬላ ነው የሚያልፈው።