ንዳድን የሚያመጣው ማን ነው?

ከደብረ ሲና ወደ ሸዋ ሮቢት ገበያ የወረደ ነጋዴ ሁለት ሌሊት አድሮ በደኅና ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ቀን ከቆየ በኋላ ግን ጥርሱ እስኪንገጫገጭ ድረስ ይንቀጠቀጣል፤ ወዲያውም ሰውነቱ እንደ ምጣድ ይግላል፤ በመጨረሻ ላብ ያጠምቀዋል። ጎረቤቶቹም «የደጋ ብርድ መታው» እያሉ ጋቢ ይደራርቡበታል። በቆላ ሳለ ደኅና የነበረ ሰው በደጋ ስለ ምን ታመመ? ዛሬ የዚህን ነገር ምክንያት ለአንባቢዎቻችን እናስረዳለን።

የጥንት ሰዎች ንዳድን ወይም ወባን ሲከሱ የኖሩት የረግረጉን አየርና የበቆሎውን እሸት ነው። አየሩን የከሰስነው እኛ ብቻ አይደለንም፤ «ማላሪያ» የሚለው የኢጣልያ ቃል ትርጓሜው «ክፉ አየር» ማለት ነው። ነገር ግን በ1880 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የፈረንሳይ ሠራዊት ሐኪም አልፎንስ ላቭራን በአልጄሪያ አገር በበሽተኛ ደም ውስጥ በዓይን የማትታይ ነፍሳት አገኘ። በ1897 ደግሞ ሮናልድ ሮስ የተባለው የእንግሊዝ ሐኪም በሕንድ አገር ያንኑ ተውሳክ የበሽተኛ ደም በጠጣች ቢንቢ ሆድ ውስጥ አየው። አየሩም ከክሱ ነጻ ወጣ።

ይሁን እንጂ ሽማግሌዎቹ ሐሰት አልተናገሩም። እኛ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሥራ ስንኖር ያየውን በእውነት የሚናገር፥ አድራጊውን ግን የሚስት ምስክር ብዙ ጊዜ አጋጥሞናል። የንዳድም ነገር እንዲሁ ነው። ክረምቱ አልፎ በመስከረም የሮቢ ወንዝ ሲጎድል፥ በዳር በዳሩ ፀሐይ የሚያገኘው ጥቂት ውሃ ይቀራል፤ የከብት ኮቴ የረገጠው ጉድጓድ እንኳ ውሃ ይቋጥራል። የወባ ቢንቢ እንቁላሏን የምትጥለው በእንዲህ ያለ ውሃ ነው፤ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥም ልጆችዋ ክንፍ አውጥተው ይበርራሉ። በቆሎውም ቢሆን በአገራችን ተደርጎ በ2000 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ ጥናት እንዳስረዳው፥ ሲያብብ ብናኙ በውሃው ላይ ይረግፍና ለቢንቢዋ እጭ ምግብ ይሆናል። እንግዲህ እሸትና ንዳድ በአንድ ወራት መምጣታቸው እውነት ነው፤ እሸት የበላ ሰው ግን በመብላቱ አይታመምም።

ሰውን የምትነድፈው እንስቲቱ ቢንቢ ብቻ ናት፤ ለእንቁላሏ ደም ያስፈልጋታልና። ከበሽተኛ የጠጣችው ተውሳክ ለሌላ ሰው እስኪተላለፍ በሆድዋ ዐሥር ቀን ያህል ወይም ከዚያ በላይ ማደግ አለበት። ብርድ ሲበረታ እድገቱ ይዘገያል ወይም ፈጽሞ ይቆማል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ያህል ስለ ሆነች ንዳድ ይጸናባታል፤ ጣርማበር ግን በብርዱ ይጠበቃል። ተውሳኩ በሰው ገላ ከገባ በኋላ አስቀድሞ በጉበት ውስጥ ተሸሽጎ ይባዛል፤ ከሳምንት ወይም ከዚያ በኋላ ወደ ደም ይወጣል። የነጋዴው እንቆቅልሽ ይህ ነው፤ በቆላ ተነድፎ በደጋ ታመመ።

ስለዚህ ደገኛ ነኝ ብሎ መታመን አይገባም። በ1958 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ንዳድ ከ1,600 ሜትር በላይ ወዳሉት አገሮቻችን ወጥቶ 150,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ ተገምቷል።

እናቶች ሆይ፥ ይልቁንም ሕፃንና ነፍሰ ጡር ያሉበት ቤት፥ ማታ አጎበር ዘርግታችሁ ጠርዙን ከፍራሹ በታች አግቡት፤ በደጅ የተቋጠረውን ውሃ አፍስሱ ወይም ጉድጓዱን ድፈኑ። ከቆላ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ቢይዘው ጋቢ በመደራረብ ቀን አታሳልፉ፤ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ደሙን አስመርምሩ፤ ለሐኪሙም «ቆላ አድሮ ነበር» ብላችሁ ንገሩት። ይህች አንዲት ቃል ነፍስ ታድናለች። የታዘዘውንም መድኃኒት፥ ትኩሳቱ ቢበርድም፥ እስከ መጨረሻው ይዋጥ።

እሸቱን ግን ለልጆቻችሁ ጠብሳችሁ ስጡ፤ በሐሰት ተከሶ ኖሯልና።