የእንግዳው አጎበር

የአክስቴ ልጅ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ከአሜሪካ መጥታ ፍኖተ ሰላም ላይ ሻንጣዋን ስትፈታ የማይወጣ መድኃኒት አልነበረም፤ ለእናቷ የግፊት፣ ለአጎቷ የስኳር፣ ለጎረቤት የዓይን ጠብታ። ለራሷ የወባ መከላከያ ይዛ እንደሆነ ስጠይቃት ቢጫዋን የክትባት ካርድ አውጥታ አሳየችኝ። «የቢጫ ወባ ተከትቤያለሁ። ደግሞስ እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ?»

አክስቴም ቀበል አድርገው፣ «ልጄን እንግዳ አታድርጓት፤ አገሯ እኮ ነው!» አሉ።

ስሙ ነው ያሳሳታት። ቢጫ ወባ በቫይረስ የሚመጣ ሌላ በሽታ ነው፤ ክትባቱ እኛ ወባ የምንለውን፣ ንዳዱን፣ አይከላከልም።

አገሯ መሆኑስ? እውነት ነው፤ ሰውነቷ ግን አገሩን ለቅቆ ቆይቷል። በወባ ደጋግሞ የተያዘ ሰው የሚያዳብረው መጠነኛ የመቋቋም አቅም ርቆ ሲኖር እየጠፋ ይሄዳል። እዚያ የተወለዱ ልጆች ደግሞ ከመጀመሪያውም የላቸውም። ቱሪስቱ ሆቴል አድሮ ያልፋል፤ የእኛ ልጅ ግን ገጠር ወርዳ ዘመድ ትጠይቃለች፣ ደጅ ታመሻለች፣ ከአያቷ ጎን ትተኛለች።

«ወባ የቆላ ነው፤ ብር ሸለቆ ካልወረድክ ምን አገኘህ?» የሚሉም አሉ። ነገር ግን በ1958 (እ.ኤ.አ.) በአገራችን የተነሳው የወባ ወረርሽኝ የበረታው ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ላይ ነበር፤ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደገደለ ተገምቷል። ፍኖተ ሰላምም ቡሬም በዚያ ከፍታ ውስጥ ናቸው። የሩቅ ዘመን ታሪክ ነው የሚል ካለ፣ በ2024 (እ.ኤ.አ.) ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መያዙን፣ 1,157 ሰው መሞቱን የዓለም ጤና ድርጅት መዝግቧል። በሽታው የሚበረታው ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በየጉድጓዱ ሲቆር ነው፤ ዘመድ ለመስቀል በሚሰበሰብበት ሰሞን ማለት ነው።

የአክስቴ ልጅ ከተመለሰች በሦስተኛው ሳምንት አተኮሳት። የሄደችበት ክሊኒክ ጉንፋን ነው ብሎ ሸኛት፤ ከጎጃም መምጣቷን እሷ አልተናገረች፣ የጠየቃትም የለም። በሁለተኛው ሌሊት በአምቡላንስ ተወስዳ ደሟ ሲታይ ፋልሲፓረም የተባለው ገዳዩ ወባ ተገኘባት። ተርፋለች፤ ጥቂት ሰዓት ብትዘገይ ግን ሬሳዋን እንቀበል ነበር። ቫይቫክስ የተባለው ወባ ደግሞ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ከዚህ ተመልሶ የሚያተኩሰው ሰው ሁሉ ለሐኪም የመጀመሪያ ቃሉ «ኢትዮጵያ ነበርኩ» መሆን አለበት።

መከላከያው እንክብል ከጉዞ በፊት ሐኪም የሚያዘው ነው። አንዳንዱ ከመነሳት አንድ ሁለት ቀን፣ አንዳንዱ ከሁለት ሳምንት በፊት ይጀመራል። ብዙው ሰው የሚሳሳተው መጨረሻው ላይ ነው፤ ቦሌ ሲደርስ ይጥለዋል። እንደ ዓይነቱ ከተመለሱ በኋላም ሰባት ቀን ወይም አራት ሳምንት መዋጥ አለበት።

የቀረው የእኛ የባለቤቶቹ ድርሻ ነው። ለእንግዳ የተሻለውን አልጋ እናነጥፋለን፣ በግ እናርዳለን፤ አጎበሩ ግን እህል ማስጫ ሆኖ ደጅ ይውላል። ለመስቀል ልጆቻችሁን የምትጠብቁ የቡሬ፣ የጅጋና የፍኖተ ሰላም ወላጆች፣ አጎበሩን አጥባችሁ አልጋው ላይ ስቀሉት። ስልክ ሲደውሉም «መቼ ትመጪያለሽ?» ከማለታችሁ ጋር «የወባውን መድኃኒት ሐኪም አዘዘልሽ?» ብላችሁ ጠይቋቸው።