«ሙሉ እምነት አለን» ሲሉን

ጋዜጠኝነት ተምሬ ያተረፍኩት አመል ቢኖር የድርጅት መግለጫ ሳነብ መጠራጠር ነው። በተለይ የአየር መንገድ! «ሙሉ እምነት አለን»፣ «ለደህንነት ቅድሚያ እንሰጣለን» ይላሉ። ምን እንዲሰማኝ እንደፈለጉ ገብቶኛል፤ ምን እንደሚያውቁ ግን አልነገሩኝም።

ጥቅምት 2011 ዓ.ም. የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ ባህር ውስጥ ወድቆ 189 ሰው አለቀ። በወሩ ቦይንግ መግለጫ አወጣ፤ ማክስ ከየትኛውም አውሮፕላን የማያንስ አስተማማኝ ነው አለን። ያኔ ግን ኤምካስ የሚባለው ሲስተም በአንድ ሴንሰር ስህተት ብቻ አፍንጫውን ወደ ታች ሊደፍቀው እንደሚችል ያውቅ ነበር።

መጋቢት 1 ቀን የእኛው በረራ 302 ከቦሌ ተነስቶ ስድስት ደቂቃ ያህል በሮ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ። 157 ሰው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የቀሩትን ማክሶች ወዲያው አቆመ። ሳውዝዌስትና አሜሪካን አየር መንገድ ግን «እንተማመናለን» እያሉ ማብረራቸውን ቀጠሉ፤ መጋቢት 4 መንግሥታቸው እስኪያግዳቸው ድረስ። በ2013 ዓ.ም. ቦይንግ አሜሪካ ውስጥ የማጭበርበር ክሱን ለመዝጋት ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍል ተስማማ።

«ታዲያ ተሳፋሪው ይደንግጥ?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ የሚያስደነግጥ ነገር ካለ ይደንግጥ! የደነገጠ ሰው ቢያንስ ቲኬቱን ይቀይራል። የተረጋጋው ግን ቀበቶውን አስሮ ይቀመጣል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ቀጣዩ መግለጫ ሲመጣ ሁለት ጥያቄ ብቻ እንጠይቅ፦ ምን ታውቃላችሁ? መቼ አወቃችሁ? እምነቱን ለቤተክርስቲያንና ለመስጊድ እንተወው።