«ኢንትሪጊንግ» ማለት «ጫኑ» ማለት አይደለም

እህት ወንድም ነጋዴዎች፣ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ስላከሰረችን ዛሬ ሳንናገር አናልፍም።

ናይሮቢ ላለ ደንበኛ የቦሎቄ ናሙና ላክን። መልሱ በስልክ ጽሑፍ መጣ፦ ናሙናችሁ «ኢንትሪጊንግ» ነው፣ ስለ ጥራቱና ስለ ዋጋው ጨምራችሁ ንገሩን። ደላላችን «ወደውታል፣ ጫኑ!» ብሎ ተረጎመልን። 50 ኩንታል በአይሱዙ ጭነን ሞያሌ ደረስን። ሰውየው ግን ያዘዘው ነገር የለም። መጋዘን ተከራይተን ስንጠብቅ ሰነበትንና ከገዛንበት በታች ሸጠን ተመለስን።

ደላላው ዛሬም «ያው ነው፣ ትርጉሙ ይቀራረባል» ይላል። አይቀራረብም! ቃሉ የማወቅ ጉጉት የሚቀሰቅስ ማለት ነው። «አይ አም ኢንትሪግድ» ያለ ሰው «ነገሩ ልቤን ሳበው፣ ጨምሬ ልወቅ» አለ እንጂ «ገዛሁ» አላለም። እጁ ገና ወደ ኪሱ አልገባም። ደንበኛው አልዋሸንም፤ የዋሸነው ትርጉሙ ነው።

ከመካከላችን አንዷ ደግሞ መዝገበ ቃላት ገልጣ «ሴራ» የሚል ስታገኝ «ሰደበን!» ብላ ነበር። እሷም ያለ ምክንያት አልተቆጣችም። ቃሉ ስም ሆኖ ሲገባ፣ «ኢንትሪግ» ሲባል፣ በስውር የሚጎነጎን ተንኮል ማለትም ነው። ሥሩ ማወሳሰብ፣ መተብተብ ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል ነው። ስለ ዕቃ ወይም ስለ ሐሳብ «ኢንትሪጊንግ» ሲባል ግን ስድብ የለበትም። ያን ቀን ተቆጥተን መልስ ብንጽፍ ኖሮ ደንበኛውንም እናጣ ነበር።

«ለነጋዴ ቋንቋ ምን ይሠራል? ሒሳብ ይበቃል» የምትሉ አላችሁ። የእኛ ሒሳብ እኮ እስከ ሳንቲሙ ልክ ነበር! የጎዳን ሳንጠይቅ ያለፍነው አንድ ቃል ነው።

ስለዚህ ይህ ቃል ሲመጣላችሁ አትደሰቱ፣ አትቆጡም። የጠየቃችሁን መልሱለትና እናንተም ጠይቁ፦ ስንት ኩንታል? በስንት ዋጋ? ለመቼ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ፤ ደላላ ቢያስተረጉምላችሁም ጽሑፉን እንግሊዝኛ ለተማረ ልጃችሁ አሳዩት። እኛ ከእንግዲህ ቀብድ ሳይገባ፣ ደላላው ቢምል ቢገዘት፣ መኪና አንጭንም።